ፊደል ለቃሚ፣ ቅጠል ቃሚ

ልጄ፣

ባለፈው እሁድ እናትህ መጥታ ነበር። ቶናው ሳይደርስ ተነሥታ ሄደች፤ እሷ ደግሞ በረካ ሳትጠጣ ከቡና የምትነሣ ሴት አይደለችም። "ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ሲነቃ ከእኔም ከግድግዳውም ጋር የተጣላ ይመስላል" አለችኝ። ምከርልኝ ማለቷ ነው።

አባቶቻችን "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብለዋል። ይህን ተረት ድሮም አልወደውም። መካሪው ሁለቴ ተናግሮ እጁን ታጥቦ እንዲቀመጥ ፈቃድ የሚሰጥ ይመስለኛል። መከራ ደግሞ ክፉ አስተማሪ ነው፤ ትምህርቱ ሳያልቅ ተማሪው ያልቃል። ስለዚህ ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ እናገራለሁ፤ ጆሮህ ከደከመ ወረቀቱን አጥፈህ አስቀምጠውና ነገ ቀጥል።

በመጀመሪያ ረቂቅህን አንብቤዋለሁ። 412 ገጽ፣ በስድስት ሳምንት። አዋሽ ደርቆ ሰው ውሃ ከጨረቃ በሚያስጭንበት ዘመን፣ መተሐራ ላይ ቦቴ ጠባቂ የሆነው ያ ልጅ፤ እሱን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ከቤታችን ወጣ ወይ አልኩ፣ ለብቻዬ። ሠላሳ ገጽ ያህል እንዲህ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ጠፋኝ። በገጽ 88 ሞታ የተቀበረችውን ሴት በገጽ 140 ቡና ስታፈላ አገኘኋት። የሳይንስ ልብወለድ ስለሆነ ተነሥታ ይሆናል ብዬ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈለግሁ። አልተነሣችም። አንተ ረስተሃት ነው።

ሌላም ነገር ልንገርህ። ገጾቹን ሳገላብጥ ሰዓቱን መናገር እችል ነበር። እዚህ ጋ ገና እየቃመ ነው፤ እዚህ ጋ መርቅኗል፣ አረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ ሁሉ ነገር ከሁሉ ነገር ጋር ተዛምዷል፣ ጨረቃና አዋሽ የአጎት ልጆች ሆነዋል፤ እዚህ ጋ ደግሞ ሐራራው መጥቷል፣ ሰዎቹ ሁሉ ይሳደባሉ። ከየት አወቅህ ትለኛለህ። እኔም ስለጻፍኩት፣ ይልቁንም ስላረምኩት፣ ነው የማውቀው።

ማተሚያ ቤት የገባሁት በፊደል ለቃሚነት ነው። የእርሳስ ፊደል ከሣጥን እየለቀሙ መስመር መደርደር ነበር ሥራው። የእኛ ፊደል ደግሞ እንደ ፈረንጅ ሃያ ስድስት አይደለም፤ 231 ነው፣ ዲቃላው ሳይቆጠር። እጄ የእያንዳንዱን ጎጆ ሳላይ ያውቀው ነበር። ኋላ ዓይኔ ጥሩ ነው ተብሎ ወደ እርማት ክፍል ተዛወርኩ፣ የሌሊት ተራ ደረሰኝ፣ እንቅልፍ አስቸገረኝ፣ አንድ ባልደረባዬም ጀባ አለኝ። እንግዲህ ፊደል ለቃሚ ሆኜ ገብቼ ቅጠል ቃሚ ሆኜ ወጣሁ ማለት ነው። እንዲህ እያልኩ ስስቅ ሰምተኸኝ ይሆናል፤ ሳቁ በኋላ የመጣ ነው።

አንድ ሌሊት የ16 ገጽ ፕሩፍ ተሰጠኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽን ላይ መውጣት ነበረበት። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ምርቃናው ጫፍ ደረሰ፣ በዚያች ቅጽበትም "ሀብት" የሚለው ቃል በሃሌታው ሀ መጻፉ ዓይኔን ወጋኝ። ወደ ሐመሩ ሐ ለወጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ብዙኃኑ ኀ ነው ትክክሉ አልኩ። ከዚያ ደራሲው በሦስቱ ሀዎች መካከል የደበቀው ምስጢር ያለ መሰለኝ። መቁጠር ጀመርኩ። በወረቀቱ ጠርዝ ቁጥር ጻፍኩ፣ ቁጥሩን ደመርኩ፣ ድምሩ ዓመተ ምሕረት መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሌሊት ብልህ የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም። ሲነጋ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። አሥራ ሦስቱ ገጽ አልተነካም። በፊት ገጹ ላይ የደራሲው የአባት ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር፤ እሱን አላየሁትም። መጽሐፉ እንደዚያው ታተመ። ሰውዬው፣ ሽማግሌ መምህር ነበሩ፣ መጥተው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። አልተቆጡም። መጽሐፉን ገልጠው ፊደሏ የጎደለችበትን ቦታ በጣታቸው ነክተው አሳዩኝና ሄዱ። አለቃዬ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን የነገርኩህ ባለፈው "ጋሼ፣ ፊሊፕ ዲክም እኮ በክኒን ነው የጻፈው" ስላልከኝ ነው። ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁህም፤ ያን አሜሪካዊ የሳይንስ ልብወለድ ደራሲ በቅጡ ስለማላውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕይወቱን የጻፉትንም እሱ ስለ ራሱ የጻፈውንም አስፈልጌ አነበብኩ። አሁን እመልስልሃለሁ።

መጀመሪያ የዝምድናውን ነገር እንጨርስ፤ ልክ ነህና። ክኒኑና ቅጠሉ ዘመዳሞች ናቸው። በጫት ውስጥ የሚያነቃቃው ካቲኖን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ ታወቀ። በአሠራሩ ለአምፌታሚን የቅርብ ወንድም ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል። ከአወዳይ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚነሣው ጫት ያለ የሌለ ፍጥነቱ ለዚህ ነው፤ ሾፌሩ ከኬሚስትሪ ጋር ነው የሚሽቀዳደመው። እርግጥ ቅጠል አፍን ሞልቶ ቀስ እያለ የሚሠራ ነው፣ ክኒን በአንድ ጉርሻ ይገባል፤ ሁለቱን እኩል ነው አልልህም። ደግሞ የሐረር ሽማግሌ ለዱአ ተቀምጦ የሚቅመውንም አልነካም። እሱ ሥርዓት አለው፣ ሰዓት አለው፣ አብሮት የሚቀመጥ ሰው አለው። አንተ ብቻህን፣ በርህን ዘግተህ፣ ላፕቶፕ ፊት ነው የምትቅመው።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1928 ቺካጎ ከመንትያ እህቱ ጋር ተወለደ። እህቱ ጄን በስድስት ሳምንቷ ሞተች። ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ሞርጋን በምትባል ከተማ ሲቀብሯት ወላጆቹ በድንጋዩ ላይ የእሱንም ስም ከጎኗ አስቀረጹ፤ የተወለደበት ቀን ተጻፈ፣ የሚሞትበት ቀን ቦታው ባዶ ቀረ። እስቲ አስበው፣ በጡት ሕፃንነቱ መቃብሩ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ሰው። ይህ ብቻ አንድ ሰው እንቅልፍ ያሳጣዋል።

ያደገው ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ነው። የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ1951 የመጀመሪያ አጭር ልብወለዱን ሸጠና በዚያው ጸሐፊ ሆኖ ቀረ። ግን የዚያ ዘመን የሳይንስ ልብወለድ በርካሽ ወረቀት የሚታተም፣ ለደራሲው ከእጅ ወደ አፍ የሚከፍል ሥራ ነበር። ከሚስቱ ጋር ለቤት እንስሳት ከሚሸጥ ሱቅ የፈረስ ሥጋ ገዝተው ይበሉ እንደነበር ራሱ ጽፎታል። ክፍያው በመጽሐፍ ነው፣ ስለዚህ የሚያበላው ብዛቱ ነው። ሐኪም ደግሞ የሚያነቃቃ ክኒን አዘዘለት። በ1950ዎቹ አሜሪካ አምፌታሚን የመንደር ዱርዬ ነገር አልነበረም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በወረቀት የሚጽፈው፣ ለወፍራም ሴትም ለደከመ ሾፌርም የሚታደል መድኃኒት ነበር። ሕጉ የጠበቀው በ1970ና 71 ነው። እንግዲህ አገሩ ሁሉ "ሣሩን እንካ" እያለው እሱን ብቻ "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እኔ ምሳር አልጨምርም።

አሁን አንተ ወደምትወደው ክፍል እንድረስ። በ1963ና 64፣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ አሥራ አንድ ልብወለድ ጻፈ። በ1963 ደግሞ "ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል" ለተባለው መጽሐፉ የሁጎ ሽልማት ተሰጠው። በዚያ ዘመን ከጻፋቸው መካከል ግሩም የሆኑ አሉ፤ የለም ብዬ ብዋሽህ አንተ አንብበሃቸዋልና ቀሪውን ምክሬን ሁሉ ትጥለዋለህ። ግን ያንን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያነብ ሰው ስፌቱን ያያል። አንዳንዱ ቦታ ታሪኩ ይጀመርና ይዘነጋል፤ ሰው ይገባና አይወጣም፤ ፍጻሜው እንደ ተጠራ ሰው ይጣደፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ መልቀሚያ ጊዜም አልነበረውም፣ የሚቀጥለው መጽሐፍ ደጅ ላይ ቆሟል። በገጽ 140 ቡና የምታፈላዋ ሴትህ የእሱም ዘመድ ናት።

(በነገራችን ላይ ኤልኤስዲ እየወሰደ የጻፈ ነው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ጥቂት ጊዜ ሞክሮት ክፉኛ አስፈራው፤ በዚያ ሁኔታ መጻፍ እንደማይቻልም ተናግሯል። ወሬው ግን መጽሐፍ ያሻሽጣልና እስከ ዛሬ አለ።)

አራተኛ ሚስቱ በ1970 ትንሿን ልጃቸውን ይዛ ሄደች። ያን ጊዜ ነው ቤቱ ወና የሆነው። ወና ቤት ደግሞ ጅብ ሳይሆን ጎረምሳ ነው የሚገባበት። ሳን ራፋኤል አጠገብ የነበረው ቤቱ የወጣት ሱሰኞች መዋያና ማደሪያ ሆነ። እሱ አርባ አልፎታል፣ እነሱ ልጆቹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይስቃሉ፣ ሙዚቃ ይከፍታሉ፣ ክኒኑ አለ፣ ደስታ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በ1971 የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተኛ። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ቤቱ ተሰበረ፤ የወረቀት ቁም ሣጥኑ ተፈነቃቅሎ፣ ሰነዶቹ ጠፍተው አገኘው። ማን ሰበረው? መንግሥት ነው አለ። ፖለቲከኞች ናቸው አለ። ሱሰኞቹ ናቸው አለ። በመጨረሻ ራሴ አድርጌው ረስቼው ይሆን ብሎም ጠረጠረ። ለዓመታት ያንን ሌሊት ሲቆጥርና ሲደምር ኖረ። የእኔ ሦስቱ ሀዎች ትዝ አሉህ? እኔ የሳትኩት አንድ ሌሊትና አሥራ ሦስት ገጽ ነው። እሱ ዓመታት።

በየካቲት 1972 ካናዳ፣ ቫንኩቨር፣ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋብዞ ንግግር አደረገ፤ አድናቂዎቹ አጨበጨቡለት። ወደ ቤት የሚመልሰው ነገር ስላልነበረ እዚያው ቀረ። በሚቀጥለው ወር ራሱን ለመግደል ሞከረ። ከሞት ሲተርፍ ኤክስ-ካሌይ የሚባል የሄሮይን ሱሰኞች ማገገሚያ ገባ። እሱ የሄሮይን ሰው አልነበረም፣ ግን ሌላ በር አልነበረውም። ሦስት ሳምንት ያህል ከእነሱ ጋር ኖሮ ወጣ። ከዚያ ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጠራውና ሄደ። አዲስ ትዳር ያዘ፣ ወንድ ልጅ ወለደ።

እንግዲህ ዓይንህን ክፈትና ይህችን አንብብ። ከአምፌታሚን ተላቅቄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ሙሉ ልብወለዴ ነው ያለው "ኤ ስካነር ዳርክሊ" ነው። ርዕሱ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ድንግዝግዝ መስታወት ከጻፈው ቦታ የተወሰደ ነው። ታሪኩ የአንድ ስውር ፖሊስ ነው። ሱሰኞች መካከል ገብቶ ይሰልላል፣ ለመመሳሰል ብሎ እነሱ የሚወስዱትን ይወስዳል። አለቆቹ ፊቱን ስለማያውቁት ከሚሰልላቸው ሰዎች አንዱን፣ ራሱን፣ እንዲከታተል ያዙታል። ቤቱ ውስጥ ካሜራ ተተክሎ ማታ ማታ ራሱን በፊልም ያያል። መጀመሪያ ያውቃል፤ እኔ ነኝ ይላል። እየቆየ መድኃኒቱ አንጎሉን ለሁለት ሲከፍለው ያ የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ ይጠፋዋል። ራሱን እያየ ራሱን አያውቀውም።

ልጄ፣ በዓለም ላይ ስለ እርማት የተጻፈ ትልቁ ልብወለድ ይህ ነው ብልህ ትስቃለህ። ግን እኔ እንዲያ ነው ያነበብኩት። ጸሐፊ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያነባል። የሚጽፈውን ቅጠሉ አይነካብህም፤ እንዲያውም ያሯሩጠዋል። የሚወስድብህ አንባቢውን ነው። ያ ጠዋት ቀዝቀዝ ብሎ ተቀምጦ "ይህቺ ሴት ሞታለች እኮ" የሚልህን ሰው። አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም። ጉበት ይታከማል፣ ጥርስ ይተከላል፣ ገንዘብ ተመልሶ ይገኛል፤ ያ ዓይን ግን ሲሄድ ስንብት የለውም፤ መሄዱንም የምታውቀው የጻፍከው ነገር ሁሉ ጥሩ መስሎ ሲታይህ ነው።

ያን መጽሐፍ እንዴት እንደጻፈው ተመልከት። ረቂቁ በ1973 አለቀ። በ1975 ጁዲ-ሊን ዴል ሬይ ከምትባል አርታዒ ጋር ሆኖ እንደገና ሠራው። የታተመው በ1977 ነው። አራት ዓመት! በሁለት ዓመት አሥራ አንድ የጻፈው ሰውዬ። ሚስቱ እንደተናገረችው ሌሊቱን ሲጽፍ አድሮ ጎህ ሲቀድ ያለቅስ ነበር። በመጨረሻው ገጽ የጓደኞቹን ስም ዘረዘረ፤ ይህ ሞተ፣ ይቺ አእምሮዋን ሳተች፣ ያ አንጎሉ ተጎዳ እያለ። የራሱንም ስም ከመካከላቸው አስገባ፤ ጣፊያና ጉበት ሳይል በቀጥታ ቆሽቴ ለዘለቄታው ተጎድቷል ብሎ። እኔ የቀብር ሥነ ሥርዓት መጽሔት ብዙ አርሜያለሁ፤ ያንን ገጽ ግን ሁለቴ ማንበብ አልቻልኩም።

እዚያው ላይ ሱስ በሽታ አይደለም፣ ውሳኔ ነው፣ እየመጣ ያለ መኪና ፊት እንደመግባት ያለ ውሳኔ፣ ይላል። በዚህ ከሰውዬው ጋር አልስማማም። የመጀመሪያው ጉርሻ ውሳኔ ነው፣ እሺ። በሦስተኛው ዓመት ጠዋት ኢጃባና ካልቀመ ከአልጋ የማይወርደው ሰው ምኑን ነው የሚወስነው? በሽታ ነው በሉት አይደለም ብላችሁ ተከራከሩ፣ እኔ የማውቀው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ነው። እሱ ራሱ ያለ ኤክስ-ካሌይ ከዚያ አይወጣም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ነገሩ ያስቀኛል። ያን ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ሐኪሞች መርምረው "የምትውጠውን ሁሉ ጉበትህ እያጣራ ይጥለዋል፣ አንጎልህ ጋ አይደርስም" አሉኝ ብሎ ኋላ ለጠያቂ አውርቷል። ሰውዬው ብዙ የሚያወራ ሰው ነበር፣ እኔም በኬሚስትሪው አልምልም። ግን ይሁን እንበል። ታዲያ ያን ሁሉ መጽሐፍ ማን ጻፈው? ክኒኑ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ጽሕፈቱ የማን ነው? የራሱ ነዋ! ለሃያ ዓመት ገደማ ሥራውን እሱ ሠርቶ ምስጋናውን ለክኒን ጠርሙስ ሲሰጥ ኖረ ማለት ነው። የአንተም ሠላሳ ገጽ እንዲሁ ነው። ሠላሳውን ቅጠሉ ጻፈልኝ ብለህ ካመንክ ዕድሜህን በሙሉ ግብር ትከፍለዋለህ።

በ1974 ራእይ አየሁ ማለቱን፣ ስለዚያም እስኪሞት ድረስ ወደ ስምንት ሺህ ገጽ የሚጠጋ ማስታወሻ መጻፉን ታውቃለህ። ይህን ሁሉ በክኒኑ ላይ መለጠፍ ይቀላል፤ እኔ አልለጥፍም። የጥርስ ሕመም፣ የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ፣ የጸሎት ልብ፣ የደከመ አንጎል፣ የትኛው እንደሆነ ከእሱም ተሰውሮ ነበር። ሞቱንም እንዲሁ። በ1982 የካቲት ውስጥ ስትሮክ መታው፣ በመጋቢት 2 ሳንታ አና በምትባል ከተማ ሞተ። 53 ዓመቱ ነበር። ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረበት። ክኒኑ ነው የገደለው ብዬ አልምልልህም። ከእሱ ልብወለድ የተሠራው "ብሌድ ረነር" የተባለው ፊልም ሲኒማ ቤት የገባው ከሞተ በኋላ፣ በሰኔ ነው። አባቱ ፎርት ሞርጋን ወስዶ ከእህቱ ጎን ቀበረው፤ በድንጋዩ ላይ ሃምሳ ሦስት ዓመት ባዶ የቆየው ቦታ ተሞላ።

ከሞተ በኋላ ዝናው ገነነ። አምስት ትዳር ፈርሷል፣ ሦስት ልጆች በተለያየ ቤት አድገዋል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በሕይወቱ ውስጥ የያዘው ሰው ሁልጊዜ ነበረ። ያ ሮበርት ሃይንላይን የሚባለው፣ በፖለቲካ ከእሱ ጋር ሰማይና ምድር የነበረው ጸሐፊ፣ የግብር ዕዳ ሲያፋጥጠው ገንዘብ አበድሮታል፣ በታመመ ጊዜም ኤሌክትሪክ የጽሕፈት መኪና ልግዛልህ ብሎታል። ሰውዬው ይህን በምስጋና ጽፎታል። የያዘው ሰው ነው፣ ክኒን አይደለም።

አንተስ ማን ይዞሃል? የምሽቱን ጨብሲ እናትህ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። ምርቃናውን ለመስበር አራት ቢራ፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አረቄ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ እኛ እኮ በቅጠሉ ነው የምንቃጠለው። ነገ ጠዋት ጨርሰህ ጣለው አልልህም፤ እኔ ስተው ሁለት ሳምንት እንደ ድመት ተኝቼአለሁ፣ ዱካኩ ሌሊት ሌሊት ደረቴ ላይ ተቀምጧል፣ እንባዬ ያለ ምክንያት ወርዷል። ያልፋል፤ ብቻህን ከሆንክ ግን ረጅም ነው። ካስቸገረህ አማኑኤል ሆስፒታል አብሬህ እሰለፋለሁ፣ የማያውቀን ሰው እብድ ማን እንደሆነ ይገምት።

ጽሑፉን በተመለከተ ደግሞ፣ 412ቱን ገጽ አትቅደደው። ሠላሳውን ለይና ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ ክተተው። በቀን ሁለት ገጽ፣ በጠዋት፣ በምግብ ላይ ጻፍ። ሁለት ገጽ ትንሽ ከመሰለህ በዓመት ስንት እንደሚሆን አስላ። የጻፍከውንም ለእናትህ ጮክ ብለህ አንብብላት፤ የሳይንስ ልብወለድ አይገባትም ብለህ እንዳትንቃት፣ የሞተች ሴት ቡና ስታፈላ ከእሷ ፈጥኖ የሚያይ የለም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጓደኞችህ በርጫ በሚቀመጡበት ሰዓት፣ ሠላሳውን ገጽ ይዘህ ወደ እኔ ና። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቻለሁ። ዓይኔ ደክሟል፣ መነጽሩ ግን አዲስ ነው።